ጭሮ በሰማይ ላይ

የምዕራብ ሐረርጌ ሰው በአየር ይጓዛል ሲባል የሰማ የሩቅ አገር አንባቢ፥ ምናልባት ከጭሮ ገበያ ዳር አውሮፕላን የሚነሣ ይመስለው ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የጨርጨር ተራሮች በጉያቸው የያዟት፥ ሽማግሌው አሰበ ተፈሪ፥ ወጣቱ ጭሮ እያለ የሚጠራት ይህች ከተማችን፥ ቡናውም ጫቱም ማሽላውም ሳይጐድልባት አየር ማረፊያ ብቻ ስላልተሰጣት፥ ወደ ሰማይ ሊወጣ የሚሻ ልጇ አስቀድሞ በምድር ላይ ወደ ምዕራብ ወይም ወደ ምሥራቅ ሊንከራተት ግድ ይሆንበታል። ወደ ምዕራብ ቢያመራ፥ በሚኤሶና በአሰቦት፥ በአዋሽም በረሓ አድርጎ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ከተንገላታ በኋላ ቦሌ ይደርሳል፤ ወደ ምሥራቅ ቢያመራ፥ በሂርናና በቁልቢ አልፎ፥ የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ፥ ድሬዳዋ ላይ አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ ከሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ ይገባል። ከገለምሶ ወይም ከመቻራ የተነሣ እንደ ሆነ ደግሞ፥ እስከ ጭሮ የሚያደርሰው መንገድ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው።

ይሁን እንጂ መንገደኛችን ስለዚህ ስለ ምድሩ ጣጣ አንዳች ቃል ሲተነፍስ አይሰማም። ጉልበቱ ከአገጩ ተጋጥሞ፥ ለሦስት በተሠራ ወንበር አራተኛ ሆኖ፥ ጉንጩ በጫት የተወጠረ ሾፌር በየኩርባው ጡሩምባውን እየነፋ ሲያከንፈው፥ እርሱ ራሱን ከመስኮቱ አስደግፎ በሰላም ያንቀላፋል። ፍርሃቱ የሚጀምረው አውሮፕላን የሚለው ስም የተነሣ ጊዜ ነው። በሽኝቱ ዋዜማ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ቡናው ሲፈላ፥ አንዱ «ለመሆኑ እዚያ ላይ የሚተነፈስ አየር አለ?» ይላል፤ ሁለተኛው «ከደመና በላይ ሲኮን ደም በአፍንጫ ይወርዳል አሉ» ብሎ ይጨምራል፤ የሕፃን ጆሮ ይፈነዳል የሚልም፥ ልብ ቀጥ ትላለች የሚልም አይታጣ። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ፥ ይህን ሁሉ ትንታኔ በሙሉ ሥልጣን የሚሰጠው፥ ዘወትር ከሚኤሶ ወዲያ ተሻግሮ የማያውቀው ሰው መሆኑ ነው።

ከእነዚህ መተርጕማን ይልቅ እኔ የማምነው ሐጅ አድርገው የተመለሱትን አንድ የበዴሳ ሽማግሌ ነው። «ሐጂ፥ ሰማዩ እንዴት ኖሯል?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ ከሆጃቸው ፉት አሉና «ልጄ፥ ሰማዩስ ደኅና ነው፤ እኛ ያለቅነው ከዚህ ድሬዳዋ እስክንደርስ ነው» አሉኝ። ይህ ቃል ለሰሚው የሽማግሌ ጨዋታ ቢመስልም፥ የአየር ጉዞን ሕክምና የሚመረምሩ ሊቃውንት በብዙ ገጽ ካተቱት ነገር ጋር ሲያስተያዩት የሚጐድለው ጥቂት ነው።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች የሚበሩት ከባሕር ወለል በላይ ከ10,000 እስከ 12,000 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ነው። በዚያ ሥፍራ ያለው አየር እጅግ የሳሳ ስለ ሆነ፥ ሰው ያለ ረዳት ቢቀር ልቡናውን የሚያውቅበት ጊዜ ከአንድ ደቂቃ እምብዛም አያልፍም፤ የሽኝቱ ማኅበርተኞችም እስከዚህ ድረስ እውነት አላቸው። ነገር ግን የአውሮፕላን ሠሪዎች ይህን አስቀድመው ዐውቀው፥ አየሩን በግፊት ወደ ውስጥ እያስገቡ፥ የተሳፋሪው ክፍል የመጠነኛ ደጋ አየር እንዲኖረው አድርገውታል። በደንቡ መሠረት ይህ በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ከፍታ በዘወትር በረራ ከ2,400 ሜትር እምብዛም እንዳያልፍ ተወስኗል፤ ይኸውም የአዲስ አበባ ከፍታ ያህል ማለት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ አየር መንገዶች ሁሉ ቀድሞ የተረከበው፥ ድሪምላይነር የተባለው ቦይንግ 787 ደግሞ፥ አካሉ ከጠንካራ ውሑድ ነገር የተሠራ በመሆኑ የበለጠ ግፊት ስለሚችል፥ ተሳፋሪዎቹን በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያህል አስቀምጦ ይወስዳቸዋል። ጭሮ ከባሕር ወለል በላይ ስንት ናት? እርስዋም ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ናት። እንግዲህ ያ ሁሉ መሐንዲስ ሌሊትና ቀን ደክሞ፥ ያ ሁሉ ገንዘብ ፈስሶ፥ የዓለም ሕዝብ በምቾት ይተነፍስበት ዘንድ በሰማይ ላይ የተሰናዳው አየር፥ የኛ ባላገር ፍየሉን ሲያግድ በነጻ የሚተነፍሰው አየር ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስቃል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ፥ ከዚያ የተነሣ ድሪምላይነር ወደ ላይ ሲወጣ፥ በውስጡ ያለው አየር እየሳሳ በመሄድ ፈንታ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ስለዚህም የተሳፋሪው አካል በ12,000 ሜትር ሰማይ ላይ ሲገሠግሥ፥ ጆሮው ግን ለብቻው ወደ ጭሮ ይወርዳል። በአውቶቡስ ከግማሽ ቀን የማያንሰውን መንገድ ጆሮ ያለ ትኬት በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል ማለት ነው።

ጆሮን ካነሣን አይቀር፥ ጆሮን የሚያስጨንቀው ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ መሆኑን የኛ ሰው ከማንም ቀድሞ ያውቃል፤ ከጭሮ ወደ ሚኤሶ ቆላ ሲወርድ ወይም በደንገጎ ሲንደረደር «ጆሮዬ ተደፈነ» ያላለ ማን አለ? ከመካከለኛው የጆሮ ጓዳ ወደ ጉሮሮ የሚወርድ አንድ ቀጭን ቧንቧ አለ፤ በውጭ ያለው የአየር ግፊት ሲለወጥ ይህ ቧንቧ ካልተከፈተ የጆሮ ታምቡር ይወጠራል፥ ሕመሙም ከዚያ ይመጣል። የሚከፍተው ምራቅ መዋጥ፥ ማዛጋትና ማኘክ ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ወደ ምድር ሲያዘቀዝቅ እናት ሕፃንዋን ብታጠባ፥ ትልቁም ሰው ማስቲካ ቢያኝክ ነገሩ ያልቃል። ጉንፋን የያዘው ሰው ግን ቧንቧው በእብጠት ስለሚዘጋበት፥ ሐኪም ሳያማክር መሄዱ ደግ አይደለም። የልብ፥ የሳንባ ወይም የደም ማነስ ሕመም ያለበት፥ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፥ ወይም መውለጃዋ የተቃረበ ሴትም እንደዚሁ።

ደገኛ መሆን የማይጠቅምበት አንድ ጊዜ ቢኖር ከሐጅ የመመለሻው ጉዞ ነው። ጅዳ በቀይ ባሕር ጠረፍ፥ ከባሕር ወለል እኩል የተቀመጠች ናት። ከዚያ የሚነሣ መንገደኛ በክፍሉ ውስጥ 2,400 ሜትር ሲወጣ፥ በሆድ ዕቃው የታሰረው አየር ሁሉ ወደ አንድ ሦስተኛ ያህል ይጨምራል። ባቄላና ሽንብራ ተመግቦ፥ በላዩም ለስላሳ መጠጥ አክሎበት የተሳፈረ ሰው፥ ከቀይ ባሕር ማዶ ሳይሻገር ቀበቶው ይጠብበታል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውንም ጨዋነት ስለሚያግደኝ አልተርከውም።

አሁን ወደ ንፋሱ እንምጣ፤ በአገራችን የደዌያት ሁሉ አባት ንፋስ ነውና። በአውቶቡስ ውስጥ ስድሳ ሰው ተጨናንቆ፥ አንዱ እየሳለ፥ አንዱ ሎሚ እያሸተተ፥ አንዲት ሴት በፌስታል ላይ አጐንብሳ፥ የታሰሩ ዶሮዎችም ከወንበር ሥር እየተንጫጩ፥ ከመካከል የጨነቀው ጐበዝ መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ከፈት ቢያደርግ፥ ከወደ ኋላ «ልጄ፥ ንፋሱ ጨረሰኝ፥ ዝጋው!» የሚል የእናት ድምፅ ይነሣል፤ መስኮቱም ይዘጋል፥ ሳሉም ለሁሉ በእኩል ይታደላል። በአውሮፕላን ውስጥ ግን የክፍሉ አየር በአንድ ሰዓት ከ20 እስከ 30 ጊዜ ይለወጣል። ከፊሉ ከውጭ የሚገባ ሲሆን፥ የሚመላለሰው ከፊሉ ደግሞ ከመቶ 99.97 እጅ የሚሆነውን ደቃቅ ብናኝ በሚያስቀር ማጣሪያ ያልፋል። መንገደኛችን ይህን ቢነግሩትም አይቀበልም፤ ከራሱ በላይ ያለችውን ትንሽዬ የአየር ቀዳዳ ገና ሲያያት «ይችማ ምች ናት» ብሎ ጠምዝዞ ይዘጋታል፥ ጋቢውንም እስከ ዓይኑ ይከናነባል። ሊጠነቀቀው የሚገባው ግን ከጐኑና ከፊቱ ተቀምጦ የሚያስነጥሰውን ጎረቤት፥ እንዲሁም ሺህ እጅ የነካውን የምግብ ማስቀመጫ ሰሌዳ ነው፤ ለዚህም መድኃኒቱ እጅን በሳሙና መታጠብ እንጂ መከናነብ አይደለም።

በሰማይ ላይ በእውነት የሚያስፈራ ነገር ካለ መቀመጥ ነው። ሰው ለረጅም ሰዓት እግሩን አጥፎ ሲቀመጥ፥ በባቱ ውስጥ ያለው ደም እየዘገየ አንዳንድ ጊዜ ይረጋል፤ የረጋውም ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ የወጣ እንደ ሆነ ይገድላል። ይህ ነገር በአውሮፕላን አልተጀመረም። በ1933 ዓ.ም. መግቢያ ግድም፥ ለንደን በጀርመን አውሮፕላኖች ስትደበደብ፥ ሕዝቡ በየመጠለያው ገብቶ ሌሊቱን በተጣጣፊ የሸራ ወንበር ላይ ያሳልፍ ነበርና፥ ኪት ሲምፕሰን የተባለው የአስከሬን መርማሪ፥ ቦምብ ሳይነካቸው በዚህ በሳንባ የደም መርጋት የሚሞቱ ሰዎች መብዛታቸውን አስተውሎ ጻፈ። የወንበሩ ጠርዝ ከጭናቸው ሥር ደሙን አንቆት ኖሯል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1999 ዓ.ም. ባወጣው የጥናት ውጤት፥ ከ4 ሰዓት በላይ ተቀምጦ የሚጓዝ ሰው ለዚህ ደዌ ያለው ተጋላጭነት እጥፍ እንደሚሆን፥ ይሁን እንጂ ሕመሙ የሚደርሰው ከ6,000 መንገደኞች በአንዱ ገደማ መሆኑን፥ ደግሞም ነገሩ በአውሮፕላን ብቻ ሳይሆን በአውቶቡስም በባቡርም በመኪናም እንደሚያገኝ አስታወቀ። ሐጂን ያመንኋቸው በከንቱ አይደለም፤ ከጭሮ ቦሌ ያለው መንገድ ከ4 ሰዓት በላይ ነውና፥ የኛ ሰው የሰማዩን ወንበር ሳያይ በምድሩ ወንበር ድርሻውን ተቀብሎ ይመጣል።

ከመጽሐፍ ብንጠይቅ፥ በአየር ተጉዞ እግሩ ያላበጠው ነቢዩ ዕንባቆም ነው። ለአጫጆች ምሳ ይዞ ሲሄድ መልአክ በራስ ጠጉሩ አንሥቶ ከይሁዳ ወደ ባቢሎን ወሰደው፥ ምሳውንም በአንበሶች ጉድጓድ ላለው ለዳንኤል አድርሶ ወዲያው ተመለሰ። ጉዞው አጭር፥ እግሩም የተንጠለጠለ ስለ ነበር ደሙ የሚረጋበት ምክንያት አልነበረም፤ መብሉም ሳይቀዘቅዝ ደረሰ። እኛ ግን ወደ ዋሽንግተን ስንሄድ ከ13 ሰዓት በላይ እንቀመጣለንና የዕንባቆም ጸጋ የለንም።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ተነሥቶ በመተላለፊያው መመላለስ፥ ተቀምጠውም ሳለ ተረከዝን ከፍ ዝቅ ማድረግ፥ ውሃ መጠጣት፥ እግርን አለማነባበር፥ እንቅልፍ በሚያስወስድ ክኒን በድን ሆኖ አለመዋል። ነገር ግን በዚህ ቦታ ሐኪሞቹ ያልጻፉት አንድ ደዌ ይገባል፤ እርሱም ይሉኝታ ነው። ያገሬ ሰው ደመናውን አያለሁ ብሎ በመስኮቱ ወገን ከተቀመጠ በኋላ፥ ከጐኑ ሁለት ባዕዳን ተደርድረው ሲያንቀላፉ ያያል። «እንዴት ብዬ ላስነሣቸው? ምን ይሉኛል?» ብሎ ውሃ ሽንቱን ይዞ ቍጭ ይላል። አስተናጋጅዋ ውሃ ስታቀርብለት፥ ውሃው ነገ የሚያመጣበትን ጣጣ አስቀድሞ አስቦ «አልጠማኝም፥ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። የክፍሉ አየር ደግሞ እርጥበቱ ብዙ ጊዜ ከመቶ 20 እንኳ የማይሞላ፥ ከአዋሽ በረሓ የባሰ ደረቅ ነው። ከንፈሩ ይሰነጠቃል፥ አፍንጫው ይደርቃል፥ እግሩ ከጫማው ተርፎ ያብጣል፤ እርሱ ግን በጨዋነቱ ጸንቶ፥ አትላንቲክን ከዳር እስከ ዳር ሳይነቃነቅ ይሻገራል። ከደረሰም በኋላ «አየሩ አልተስማማኝም» ብሎ ለዘመዶቹ ይደውላል። አየሩ ምን በደለ? በመተላለፊያው ወገን ያለውን ወንበር አስቀድሞ ቢጠይቅ ኖሮ ማንንም ሳያስነሣ መነሣት ይችል ነበር።

ስለ ጫት ዝም ብዬ ባልፍ የሐረርጌ ሰው ሆኜ መጻፌ ምኑ ላይ ነው? አንዳንድ ጐበዞች የሰማዩን ፍርሃት ለማባረር በመሄጃቸው ቀን ከጧት እስከ ማታ ይቅማሉ። ፍርሃቱ በምርቃናው ይሄዳል፥ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን እንቅልፉም ይሄዳል፥ የምግብ ፍላጎቱም ይሄዳል፥ አፉ ይደርቃል፥ ሆዱ ይታሰራል፥ ልቡም ከልክ በላይ ትመታለች። እንዲህ ሆኖ በደረቅ አየር ውስጥ የተቀመጠ ሰው፥ ሌላው ተሳፋሪ ሁሉ ተኝቶ ሳለ ብቻውን ዓይኑን አፍጦ፥ አውሮፕላኑን እርሱ ካልጠበቀው የሚወድቅ ይመስለዋል። ከዚህም የባሰ፥ ከእጀታው ሥር ሸሽጎ ሊያሻግር የሚቃጣው አለ። ጫት ከተቈረጠ በጥቂት ቀን ኀይሉ የሚደክም ቅጠል በመሆኑ ጥድፊያ ልማዱ ነው፤ ሆኖም በሳዑዲ ዓረቢያና በአሜሪካ ክልክል ነው፥ እንግሊዝም ከሰኔ 2006 ዓ.ም. ጀምራ አግዳዋለች። በእስር ቤት ያለ ሰው ጤናውን ጠበቀ አይባልም።

ከሰዓት መለዋወጥ የሚመጣው ድካም ለሌላው ሕዝብ እንቆቅልሽ ቢሆንም፥ ሌላው ዓለም እኩለ ሌሊት ሲል ስድስት ሰዓት ለምንለው፥ በሁለት አቈጣጠር ለምንኖረው ለኛ ግን አእምሯችን የለመደው ነገር ነው። ሥጋ ግን እንደ አእምሮ ቶሎ አይታረቅም፤ በጥቅሉ ለእያንዳንዱ የሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል ይላሉ፥ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ያለውም ልዩነት እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው። የሚያፋጥነው በደረሱበት አገር ፀሐይ መሞቅና በዚያው አገር ሌሊት መተኛት ነው። ወደ ምዕራብ የሚበር ጿሚ ደግሞ፥ ፀሐይ ከመስኮቱ ላይ ተለጥፋ አልጠልቅ ስትለው ለማፍጠር የሚጠብቀው ሰዓት ይረዝምበታል፤ ሃይማኖቱ ለመንገደኛ የሰጠውን ፈቃድ ቢጠቀምበት ነቀፋ የለውም።

እንግዲህ ከፍታው የኛው የጭሮ ከፍታ ከሆነ፥ አየሩም ከአውቶቡሳችን አየር ከጠራ፥ መንገደኛውን የሚያሳምመው ከቤቱ ይዞት የሚወጣው ነው ብል ማን ይፈርድብኛል? የሽኝቱ ሌሊት ሥጋው ይጠበሳል፥ ቅቤው ይፈስሳል፥ «ከእንግዲህ የአገር ቤት ምግብ የት ታገኛለህ?» እየተባለ በግድ ይጐረሳል። ዐይኑን ሳይከድን ይነጋል። ንጋት ላይ ደግሞ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ ብቻ የተፈቀዱ ሁለት ሻንጣዎች፥ በበርበሬና በሽሮ፥ በቡናና በቆሎ ተወጥረው፥ አንዱ በላዩ ተቀምጦ ሌላው ዚፑን እየሳበ ይዘጋሉ። ያን ሲያነሣ ወገቡን የቀጨው ሰው ሕመሙን ከሰማይ እንዳመጣው አድርጎ ሲያወራ ይኖራል።

ስለዚህ የሂርናም፥ የገለምሶም፥ የበዴሳም፥ የጭሮም ሸኚዎች ሆይ፥ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሐጅ ለሚሄድ አባታችሁ የማጅራት ገትር ክትባቱን፥ ለሌላውም መንገደኛ የሚሄድበት አገር የሚጠይቀው ከሆነ የቢጫ ወባውን፥ ከመሄዳቸው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብላችሁ አስከትቡ። ግብሩን ከጉዞው ሁለት ቀን አስቀድማችሁ አግቡ፥ የመጨረሻዪቱን ሌሊት ለመንገደኛው ለራሱ ተዉለት፥ ይተኛባት። የደም ግፊቱን ክኒንና የስኳሩን ኢንሱሊን በእጁ በሚይዛት ትንሽ ቦርሳ ውስጥ አድርጉለት እንጂ፥ ከሽሮው ጋር በትልቁ ሻንጣ አትቅበሩበት።